ጥራዙ ይሰፋ

«ፒዲኤፍ አለ አይደል እንዴ?»

ይህችን ጥያቄ በዚህ ዓመት ስንቴ እንደሰማኋት አልቆጠርኩም። ጠያቂዎቹ ጓደኞቼ ናቸው። እንደኔው ኮድ ሲጽፉ የሚያመሹ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አንዳችን ቤት ተሰብስበን ባለ 20 ፊት ዳይስ የምንወረውር ልጆች። ጥያቄው የመጣው በክፍል በክፍል የጻፍኩትን የጨዋታ ጀብዱ ሰብስቤ፣ አርሜ፣ በጠንካራ ሽፋን ላሳትመው ነው ስላልኩ ነው። አንዱ ሳቀ። አንዱ «ለጌም መጽሐፍ? ያውም ሃርድ ከቨር?» አለ። ሌላው ዋጋውን ሲሰማ ዝም አለ። እሱ ይሻላል።

ይህ ጽሑፍ ለእነሱ መልስ ነው፤ ለእነሱ ብቻ ግን አይደለም። በየቻናሉ «ክፍል 1»፣ «ክፍል 2» እያላችሁ የምትጽፉ፣ «ይቀጥላል» ብላችሁ የምትሰናበቱን ሁሉ፣ እናንተንም ይመለከታል። የምለው አጭር ነው። በክፍል የተጻፈ ሥራ ተሰብስቦ፣ ታርሞ፣ ተሰፍቶ አንድ መጽሐፍ ካልሆነ አላለቀም። ጸሐፊው ደክሞት ተወው እንጂ አልጨረሰውም።

መጀመሪያ ጨዋታውን ለማታውቁት ላስረዳ። «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጨዋታ ነው። ጠረጴዛ ከበው የተቀመጡ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። አንዱ ጨዋታ መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል። «በሩን ትከፍታለህ ወይስ ትመለሳለህ?» ይላል፤ ተጫዋቹ ይመርጣል፤ አጠራጣሪውን ነገር ዳይስ ይወስነዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመሳሳይ ጨዋታዎች መጥተዋል፤ ጨዋታ መሪው የሚመራባቸው የተጻፉ ጀብዱዎችም ራሳቸውን የቻሉ የጽሑፍ ዘርፍ ሆነዋል።

ይህ የፈረንጅ ነገር ነው የሚል ካለ እንቆቅልሽ ተጫውቶ አያውቅም ማለት ነው። መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል ጎንደርን ይሰጥ አልነበረም? የተሰጠውስ ጎንደር ገብቶ ያየውን፣ የበላውን፣ የተሸለመውን ከራሱ እየፈጠረ ይደረድር አልነበረም? እኛ ቤት እሳት ዳር ተቀምጠን፣ ጎንደርን በዓይናችን ሳናያት፣ ስንቴ ወስደናት ስንቴ አስረክበናታል። የጎደለን ዳይስ ብቻ ነበር።

እኛ ቤት ማለት በየዳ ነው፤ ራስ ዳሽን ያለበት ወረዳ። ጎብኚው ተራራውን ወጥቶ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል፤ እኛ ከሥሩ ገብስ እያጨድን አደግን። ሁለተኛ ደረጃን ደባርቅ ቤት ተከራይቼ ተማርኩ። ከዚያ ኢንጂነሪንግ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሶፍትዌር። ጓደኞቼን የማጫውተው ጀብዱ ሲያልቅብኝ አንድ ነገር አናደደኝ፦ ለምንድነው ሁልጊዜ የማላውቀው የአውሮፓ ጫካ ውስጥ የምንገባው? የራሴን ጻፍኩ።

ጊዜው 1847 ዓ.ም. ነው። ተጫዋቾቹ አሞሌ የጫነ ቅፍለት እየነዱ ሊማሊሞን ወጥተው ደባርቅ ይደርሳሉ። ደጃዝማች ውቤና ካሳ ኃይሉ ሊጋጠሙ ነው። የጎንደር መንገድ አያስተማምንም፤ ስለዚህ በሳንቃበር፣ በጨነቅ፣ በቧሂት አድርገው ደረስጌ መግባት አለባቸው። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ ደረስጌ ማርያምን ያሠራው ውቤ ነው፣ ዘውዱን እዚያ የደፋው ግን ድል ያደረገው ካሳ ሆነ፤ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ። ታሪክ የሁለቱን ጌቶች ነገር ጽፎልናል። በዚያች ሳምንት በዚያ ብርድ በቅሎ እየነዳ የሚያልፈው ሰውስ ምን አየ? ጨዋታዬ ይኸው ነው። ዘጠኝ ክፍል ሆነ። በወርም በሁለት ወርም አንድ አንድ እያልኩ ቻናል ላይ ለቀቅኩት።

ታናሽ ወንድሜ ያኔ ደባርቅ ተማሪ ነበር። እሱና አራት ጓደኞቹ እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ ኮፒ ቤት እያሳተሙ መጫወት ጀመሩ። ዳይስ ስላልነበራቸው ከ1 እስከ 20 በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ጣሳ ውስጥ ይከቱና ዕጣ ያወጡ ነበር። ክፍል 6 የደረሳቸው በ2015 ዓ.ም. ክረምት ነው። ክፍሉ የሚያልቀው ቧሂት ላይ፣ ጉም ውስጥ፣ ከኋላ የፈረስ ኮቴ እየተሰማ ነው። ከሥሩ በደማቁ «ይቀጥላል» ብያለሁ።

ከዚያ በክልሉ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለወራት።

ክፍል 7ን፣ ክፍል 8ን፣ ክፍል 9ን አዲስ አበባ ተቀምጬ ጻፍኩ፣ ለቀቅኩ፣ «አለቀ» ብዬ ከጓደኞቼ ጋር ቢራ ጠጣሁ። ደባርቅ ያሉት አምስት ልጆች ጉሙ ውስጥ እንደቆሙ ቀሩ። እስኪ ንገሩኝ፣ አለቀ የተባለው ለማን ነው?

«ኔትወርኩ ሲመለስ ፒዲኤፉን ላክላቸዋ!» ትሉኝ ይሆናል። ላክሁ። የራሴን ጉድ ያየሁትም ያኔ ነው። ወንድሜ ደወለ፦ «ወንድምዓለም፣ መንገድ መሪው ሰውዬ ክፍል 3 ላይ ገደል ገብቶ ሞተ አላልክም? ክፍል 4 ላይ ደግሞ ፊት ፊት እየሄደ መንገድ ያሳያል። መንፈስ ነው?»

መንፈስ አይደለም። ሁለቱን ክፍሎች በሁለት ወር ልዩነት ጽፌ፣ በመሃል ሥራ በዝቶብኝ፣ የገደልኩትን ሰው ረሳሁት። ለካስ ስህተቱን ያኔ አንድ ሰው ነግሮኝ፣ እኔም ከሥር በአስተያየት ቦታው «እርማት» ብዬ ሁለት መስመር ጽፌ አልፌያለሁ። እርማቷ ፎቶ ኮፒ ቤት አልደረሰችም። ፒዲኤፉን ብፈልግ ደግሞ ሦስት ዓይነት አገኘሁ። አንዱ እርማቱ ያልገባበት፣ አንዱ እርማቱ ገብቶ ካርታው የወጣበት፣ ሦስተኛው አንድ ደግ አንባቢ ራሱ ሰፍቶት ክፍል 5ን ሁለት ጊዜ ያስገባበት። ስለዚህ «ፒዲኤፍ አለ» ለሚለኝ ሰው መልሴ ጥያቄ ነው። የትኛው?

በሙያዬ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ኮድ እንደተጻፈ ለተጠቃሚ አይሰጥም። ይዋሃዳል፣ ይፈተሻል፣ ቁጥር ተሰጥቶት ይወጣል፤ ችግር ሲመጣ «የትኛው ቨርዥን ላይ?» ብለን እንጠይቃለን። ቢሮ ውስጥ ይህን ሳያደርግ ሥራዬን ጨረስኩ የሚል ልጅ ቢመጣ ስብሰባ እንጠራበታለን። ማታ ቤታችን ገብተን ግን በዘጠኝ ቁራጭ የተበተነ ታሪክ ለሕዝብ ወርውረን «አለቀ» እንላለን። የገዛ ታሪካችንን ከአሠሪያችን ኮድ አሳንሰን ነው የምናየው።

ይህን ነገር ከፈረንጅ የተማርኩት አይመስለኝም። ቋንቋችን ራሱ ይናገረዋል። «ጥራዝ ነጠቅ» የሚለውን ስድብ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ትንሽ ቀማምሶ ሁሉን አውቃለሁ የሚለው ሰው ነው። ቃሉን ልብ በሉት። የብራና መጽሐፍ በጥራዝ በጥራዝ ነው የሚሠራው። ብራናው ይታጠፍና ይደራረባል፣ አንድ ጥራዝ ይሆናል። ጥራዞቹ በክር እርስ በርስ ይሰፋሉ፣ ከፊትና ከኋላ ገበታ ይገባላቸዋል፣ ገበታው ቆዳ ይለብሳል፣ ቆዳው ይደጎሳል፣ በማህደር ይንጠለጠላል። አገራችን ጠንካራ ሽፋን ያወቀችው ትናንት አይደለም። ታዲያ አንዷን ጥራዝ ነጥቆ የሮጠ ሰው ምን ይዞ ሮጠ? እኛ ዛሬ በቻናል የምናፈራው አንባቢ ማን ነው? ሳይወድ በግድ ጥራዝ ነጠቅ የሆነ አንባቢ። ጥፋቱ ግን የነጣቂው አይደለም፤ ያልሰፋነው እኛ ነን።

ደግሞ አያቶቻችን የሰፉት ነገር ስንቱ በክፍል የሚነበብ እንደነበር አስቡት። ስንክሳር ለየዕለቱ ንባብ አለው፤ ዓመቱን ሙሉ ቀን በቀን ይነበባል። ተአምረ ማርያም እያንዳንዱ ተአምር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመለሰ፤ በኋላም እዚሁ አገር የተፈጸሙ ተአምራት እየተጨመሩበት ሄደ። ቅዱስ መጽሐፍን ከጨዋታ ጋር እያወዳደርኩ አይደለም፤ አባቴ ይህን ቢያነብ እንዳይቆጣኝ አስቀድሜ እናገራለሁ። የማወዳድረው ሥራውን ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚሰማ ነገር መሰብሰብ እንዳለበት፣ ሲሰበሰብም መታረምና መጨመር እንዳለበት፣ የሰፊዎቹ እጅ ያውቅ ነበር።

የጨዋታው ዓለም ይህን የተማረው በብዙ ልፋት ነው። «ደንጀን» የሚባል አሜሪካዊ መጽሔት ነበር። ከ2003 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. «ሻክልድ ሲቲ» የሚባል ተከታታይ ጀብዱ በ11 ክፍል አወጣ። በ2005 ፓይዞ የተባለው አሳታሚ ሰብስቦ በአንድ ጠንካራ ሽፋን አሳተመው። ዝም ብሎ ግን አልደረበውም። መጽሔቱ ላይ 11 የነበረው መጽሐፉ ላይ 12 ሆነ፤ አንድ አዲስ ጀብዱ ተጨመረበት። ፓይዞ በራሱ ስም ያወጣው የመጀመሪያው ተከታታይ፣ «ራይዝ ኦፍ ዘ ሩንሎርድስ»፣ በ2007 እና በ2008 በስድስት ቅጽ ወጣ። በ2012 ወደ አንድ መጽሐፍ ሲሰበሰብ የጨዋታው ሕግ ራሱ በመሃል ተለውጦ ስለነበር ሁሉም ለአዲሱ ሕግ እንዲስማማ ተደርጎ ተሠራ።

ሌላውን ገጽ ደግሞ እዩት። በዚያው «ደንጀን» መጽሔት «ኤጅ ኦፍ ወርምስ» እና «ሳቬጅ ታይድ» የተባሉ ሁለት ተከታታዮች እያንዳንዳቸው በ12 ክፍል ወጡ፤ ከ2005 እስከ 2007። ብዙ ተጫዋች ከሻክልድ ሲቲ አስበልጦ ይወዳቸዋል። በ2007 መጽሔቱ በ150ኛው ቁጥር የወረቀት ኅትመቱን አቆመ። ሁለቱ ሥራዎች አንድ መጽሐፍ አልሆኑም። እነሱን በወረቀት የሚፈልግ ሰው አሮጌ መጽሔት አንድ በአንድ እያሳደደ ይገዛል። ጎበዝ ስለነበሩ አልዳኑም፤ ሻክልድ ሲቲ የዳነው ስለተሰፋ ነው። ይህ የሆነው ደግሞ ኔትወርክ በማይቋረጥበት፣ ማተሚያ ቤት በሞላበት አገር ነው።

አሁን ደህናውን ተቃውሞ ልስማ፤ ሁሉም ተቃዋሚ ሰነፍ አይደለምና። አንድ ጓደኛዬ እንዲህ አለኝ፦ «የተከታታይ ጣዕሙ መጠበቁ ነው። ‹ይቀጥላል› ሲባል የምንጨቃጨቀው፣ ሳምንቱን ሙሉ ምን ይሆን የምንለው፣ እሱ በመጽሐፍ ይሞታል።» እውነቱን ነው። መጠበቅ ይጣፍጣል። ወላጆቻችን ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ እንዴት ይጠብቁ እንደነበር ያልሰማ አለ? በዛብህና ሰብለ ወንጌል እንደ ጎረቤት ልጅ የታዘነላቸው በዚያ ድምፅ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር አትርሱ። ከትረካው ጀርባ መጽሐፍ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. አሳትመውታል። አንድ ምሽት ባትሪ ያለቀበት፣ ለቅሶ የሄደ፣ ከብት የጠፋበት ሰው ያመለጠውን ክፍል ከመጽሐፉ ማግኘት ይችል ነበር። መጽሐፉ የመጠበቅን ጣዕም አልገደለም። ያመለጠው ሰው እንዳመለጠው እንዳይቀር አደረገ እንጂ። እኛ ግን ትረካውን ብቻ ወስደን መጽሐፉን ትተናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ማን ይገዛል?» ነው። እንደ አሌክስ አብርሃም ያሉ ፌስቡክ ላይ አንባቢ ያፈሩ ጸሐፊዎች መጽሐፍ አሳትመው ተገዝተዋል። ስክሪን ላይ ማንበብ የለመደ ሰው ወረቀት አይገዛም የሚለው ወሬ የሰነፍ ጸሐፊ ማስተዛዘኛ ነው። እኔ ግን ብዙ ሺህ እሸጣለሁ ብዬ አላልኩም። ማተሚያ ቤት ጠይቄ ለ100 ቅጂ የነገሩኝ ዋጋ የሦስት ወር ደመወዜን ይበላል። ያማል። ለስላሳ ሽፋን ይቀንስልኝ ነበር። ግን የጨዋታ መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ አንዴ ተነቦ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይውላል፣ አምስት ሰው እያገላበጠ ይጨቃጨቅበታል፣ ሻይ ይፈስበታል፣ ከደባርቅ በየዳ በሚሄድ መኪና ላይ ከገብስ ማዳበሪያ ጋር ይጫናል። ሽፋኑ ለጌጥ አይደለም። ከብራናው ውጪ ያለው እንጨትም ለጌጥ አልነበረም።

ሦስተኛዎቹ ተቃዋሚዎቼ የሚስማሙኝ የሚመስሉት ናቸው፤ የምፈራውም እነሱን ነው። «ልክ ነህ፣ ሰብስብና አትመው፣ አንድ ቀን ይበቃል» የሚሉኝ። ኮፒ፣ ፔስት፣ ሽፋን፣ ምርቃት። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ገበያው ላይ ሞልተዋል። በየምዕራፉ መጀመሪያ «ባለፈው ክፍል እንደተመለከትነው» የሚል አለ፤ ያለፈው ክፍል እኮ ፊተኛው ገጽ ላይ ነው! በየምዕራፉ መጨረሻ «ላይክ ማድረግ እንዳትረሱ» ሳይቀር የታተመበት አይቻለሁ። ክምር መጽሐፍ አይደለም። ጥራዝ ተደራርቦ ከተቀመጠ ነፋስ ይወስደዋል፤ መጽሐፍ የሚያደርገው መርፌው ነው። መርፌው ማለት ደግሞ ማረም ነው። የሞተው ሰው ሞቶ መቅረቱን ማየት፣ ክፍል 2 ላይ አምስት የነበሩት በቅሎዎች ክፍል 8 ላይ ሰባት እንዳይሆኑ መቁጠር፣ ካርታውን ከጽሑፉ ማስታረቅ፣ ሰው አጫውቶ የት እንደሚሰለቹ ማየት፣ የማይረባውን መቁረጥ። ለዚህ ሥራ አንድ ቀን አይበቃም። እኔ ስምንተኛ ወሬ ነው፣ ገና ክፍል 4 ላይ ነኝ።

ክፍል 4 ላይ የቆየሁበት ምክንያት አለኝ። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ አገር ቤት ገባሁ። ወንድሜ አንድ ደብተር አመጣልኝ። ፎቶ ኮፒዎቹ በማዳበሪያ ከረጢት ክር ተሰፍተዋል፤ ሽፋኑ የብስኩት ካርቶን ነው፣ በፕላስተር ተለብጧል። ከክፍል 6 በኋላ ያለው በእጅ ተጽፏል። ኔትወርክ በጠፋባቸው ወራት ልጆቹ ቁጭ ብለው አልጠበቁኝም። ቧሂት ላይ ያለው ጉም ውስጥ የሚመጣው ፈረሰኛ ማን እንደሆነ ራሳቸው ወሰኑ። የእኔ ፈረሰኛ የውቤ ወታደር ነው። የእነሱ ከጦርነቱ ሸሽቶ ቤቱን የሚፈልግ፣ የማን ወገን እንደሆነ ራሱም የማያውቅ ልጅ ነው።

ከእኔ ይሻላል። አሁን ወንድሜ አጠገቤ ቢሆን ይህን አልልም ነበር፤ ግን ይሻላል።

የሞተውን መንገድ መሪም አስተካክለውታል። ክፍል 4 ህዳግ ላይ በእስክሪብቶ «እህቱ ናት» ተብሎ ተጽፏል። በቃ። ወንድሟ ገደል ገባ፣ መንገዱን የምታውቀው እሷም ነች፣ ሐዘኗን ይዛ ቅፍለቱን ትመራለች። እኔ «እርማት» ብዬ በሁለት መስመር ያበላሸሁትን እነሱ በሁለት ቃል ታሪክ አደረጉት። ከዚያ ወዲያ ክፍል 4ን እንዳለ ማተም አልቻልኩም። እሷን አስገብቼ ከመጀመሪያው እየጻፍኩት ነው፤ እሷ ስትገባ ደግሞ ክፍል 5ም 6ም ተነቃነቁ። ፈረሰኛውንም ፈቅደውልኛል፤ አምስቱም ስማቸው መጽሐፉ ላይ ይወጣል።

መጽሐፍ ይታተም የምለው ለራሴ ክብር ነው የሚል ካለ ደብተሩን ይየው። ተጫዋቾቹ ቀድመውኝ ሰፍተዋል። ያለ ገንዘብ፣ ያለ ማተሚያ ቤት፣ በካርቶንና በከረጢት ክር። «ፒዲኤፍ አለ» አላሉም፣ አልነበረማ። በክፍል የምንጽፍ ሰዎች አንባቢያችን ሁልጊዜ መስመር ላይ ያለ ይመስለናል። የለም። መስመር ላይ ያለው እኛ የምናየው ብቻ ነው።

ስለዚህ «ክፍል 27 ይቀጥላል» ብለህ የተኛህ ወንድሜ፣ «የመጨረሻው ክፍል» ብለሽ ልብ የለጠፍሽ እህቴ፣ እንደገና ክፈቱት። ከመጀመሪያው አንብቡት። የሞቱትን ቁጠሩ። ገንዘብ ከሌላችሁ 10 ቅጂ አሳትሙ፤ እሱም ከሌለ አንድ ቅጂ ፎቶ ኮፒ ቤት አስጠርዙና ቤተ መጻሕፍት አስቀምጡ። ግን መጀመሪያ እረሙት።

ደብተሩን ከወንድሜ ተውሼ አዲስ አበባ አምጥቼዋለሁ። ስሰጥህ እንዳትጥለው ብሎኛል። በየሳምንቱ እየደወለ መቼ እንደምመልስለት ይጠይቀኛል። መጽሐፉን ይዤ እንጂ ባዶ እጄን አልመልስም ብዬዋለሁ። «እሺ፣ ግን ደብተሩን አትርሳ» ይላል።